የሰው እጅ ምን ይቆጥባል?

በማኅበራችን አባላት መካከል፣ በተለይም በሕክምና ትምህርት ላይ በምንገኘው ዘንድ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጎላ የመጣ አንድ አስተሳሰብ አለ። ባጭሩ ሲቀመጥ «ከድሃ አገር ለትምህርት የተላከ የሕክምና ተማሪ ጊዜውን በቲቢ፣ በወባና በወሊድ ላይ ያውል እንጂ በሒሳብ ቀመር አያባክን» የሚል ነው። የአስተሳሰቡ መነሻ ቅን መሆኑን አንክድም። የተላክነው በሕዝብ ስም ነው፤ የምንመለሰውም ወደዚያው ሕዝብ ነው። ነገር ግን ቅን መነሻ ሁልጊዜ ወደ ትክክለኛ መደምደሚያ አያደርስም። ዕውቀትን ሳይመረምሩ «ይህ ይጠቅመናል፣ ያ አይጠቅመንም» ብሎ መከፋፈል ወጡን ሳይቀምሱ ጨው በዛበት እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ በደፈናው ከመከራከር አንድ ምሳሌ ወስደን ከሥሩ ብንመረምረው ይሻላል ብለናል። የመረጥነውም ብዙዎቻችን በፊዚዮሎጂ ትምህርት ጊዜ ሰምተን ያለፍነውን፣ የሰው ልጅ እንቅስቃሴውን እንዴት እንደሚመራ በሒሳብ የሚያብራራውን ንድፈ ሐሳብ ነው። ምሁራኑ ነገሩን «ኦፕቲማይዜሽን» ይሉታል። ትርጉሙ ካሉት አማራጮች ሁሉ ወጪው ያነሰውን መምረጥ ማለት ነው። የእኛ አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን፤ ይህ ንድፈ ሐሳብ በጎኑ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ያገባዋል፤ ሐኪሙንም ያገባዋል። ይሁንና እንደ ዳዊት የሚደገም አይደለም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ቦታ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ጥያቄውን እንረዳው። አንባቢ ከፊቱ ያለውን የሻይ ብርጭቆ ያንሣ። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ብርጭቆው ያለበትን ቦታ ለመግለጽ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ወደ ፊት ስንት፣ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። ክንዳችን ግን ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ ባለው ርቀት በሰባት ዓይነት ይታጠፋል፣ ይዞራል፤ ትከሻ በሦስት፣ ክርንና የታችኛው ክንድ በሁለት፣ አንጓ በሁለት። የጣቶቹን ገና አልቆጠርንም። እንግዲህ ሦስት ነገር ለመወሰን ሰባት ነገር በእጃችን አለ ማለት ነው። ትርፉ አራት ስለሆነ፣ ብርጭቆው ጋ የሚያደርሱት የክንድ አቋሞች ስፍር ቁጥር የላቸውም። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሚስቡት ጡንቻዎች ደግሞ ከሁለት በላይ ናቸው። የሚሄድበት መንገድና ፍጥነትም እንዲሁ ብዙ ነው። ታዲያ አንጎላችን ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱን በቅጽበት የሚመርጠው በምን መለኪያ ነው?

ይህን ጥያቄ በግልጽ ያስቀመጠው የሶቪየት ፊዚዮሎጂስት ኒኮላይ በርንሽታይን (1896–1966) ነው። ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባወጣው መጽሐፉ የፋብሪካን ሥራ በሰዓት እየለኩ ማደራጀትን አስተምሮ ነበር። በዚያው ዘመን ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በፊልም እያነሡ ለእያንዳንዱ ሥራ «አንድ ብቸኛ ምርጥ ዘዴ» ሊገኝለት ይችላል አሉ። ዘዴው ከተገኘ በኋላ ሠራተኛው እንደ ማሽን መድገም ብቻ ነው የሚቀረው። የሚገርመው፣ ይህ ሐሳብ ከባለ ፋብሪካዎቹ አገር አልፎ ሞስኮም ገባ። በአሌክሲ ጋስቴቭ ይመራ የነበረው የሥራ ማዕከላዊ ኢንስቲትዩት ሠራተኛውን በትክክለኛው ምት አሠልጥኖ ማውጣት ይፈልግ ነበር። በርንሽታይን በ1922 በዚሁ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሥራ ጀመረ።

በርንሽታይን ያደረገው ምንድን ነው? በሠራተኞች ክንድና በመዶሻው ላይ ትንንሽ አምፖሎች አስሮ፣ መሮ በመዶሻ ሲመቱ በፍጥነት በሚያነሣ ካሜራ ቀረጸ። እንደ ኢንስቲትዩቱ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ፣ በሥራው የበሰለ ሰው ክንድ በእያንዳንዱ ምት አንድ ዓይነት መንገድ መሄድ ነበረበት። የታየው ግን ሌላ ነው። የመዶሻው ጫፍ ከምት ወደ ምት እምብዛም አይለዋወጥም፤ ትከሻውና ክርኑ ግን በየምቱ ይለያያሉ። የአንዱን መዛባት ሌላው ያካክሰዋል። በርንሽታይን ይህን «ድግግሞሽ የሌለበት ድግግሞሽ» አለው። የተካነ ሰው የሚደግመው እንቅስቃሴውን ሳይሆን ችግሩን የመፍታት ሂደቱን ነው ማለቱ ነው።

ይህን ለማመን ሞስኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችን ከጀበና ቡና ሲቀዱ እናስተውል። አንዴ ተቀምጠው፣ አንዴ ጎንበስ ብለው፣ አንዴ ሕፃን ታቅፈው ይቀዳሉ። ክርናቸውና ትከሻቸው በየጊዜው የተለየ ነው፤ የጀበናው አፍ ግን ከስኒው አይስትም። እንጀራ ሲጋገርም እንዲሁ ነው። ሊጡ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ሲዞር፣ ኩርባው እየጠበበ በሄደ መጠን እጅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላኳኒቲ፣ ተርዙኦሎና ቪቪያኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 ይህንኑ የፍጥነትና የኩርባ ዝምድና በሥዕልና በጽሕፈት እንቅስቃሴ ላይ ለክተው በቀመር አስቀምጠውታል። ጋጋሪዋ ቀመሩን አታውቀውም፤ እጇ ግን ይሠራበታል።

በርንሽታይን በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ የመንግሥት ሽልማት በ1948 አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የፓቭሎቭን ትምህርት አልተቀበለም ተብሎ ተወገዘ፤ የምርምር ቦታውንም አጣ። ሥራዎቹ በእንግሊዝኛ ተሰብስበው የወጡት በ1967፣ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሳይንስን በጉባኤ ውሳኔ የሚያርም ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያነበው አይጎዳም።

በርንሽታይን ጥያቄውን አስቀመጠ እንጂ መለኪያውን በሒሳብ አልሰጠም። ሒሳቡ የመጣው በኋላ ነው። ሞራሶ የተባለ ጣልያናዊ በ1981 ባሳተመው ጥናት ሰዎች እጃቸውን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ ሲያንቀሳቅሱ እጅ በአብዛኛው ቀጥ ባለ መስመር እንደሚሄድ፣ ፍጥነቱም በግራፍ ሲሣል የደወል ቅርጽ እንደሚኖረው አሳየ፤ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። መገጣጠሚያዎቹ ውስብስብ መዞር ሲዞሩ የእጅ መንገድ ግን ቀላል ነው። ይህ የመዶሻውን ጫፍ ነገር ያስታውሰናል።

ታማር ፍላሽና ኔቪል ሆጋን በ1985 ለዚህ ማብራሪያ ሰጡ። እጅ የሚቆጥበው መንገጫገጭን ነው አሉ። ነገሩ በአውቶቡስ ምሳሌ ይገባል። አውቶቡስ ፈጥኖ ቢሄድም ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ተሳፋሪው አይቸገርም። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ቢጨምርም ጀርባው ወንበሩን ይደገፋል እንጂ አይናጥም። ተሳፋሪው የሚወድቀው ሹፌሩ ነዳጅና ፍሬን እያፈራረቀ የፍጥነቱን ለውጥ ራሱን በድንገት ሲለዋውጠው ነው። ፍላሽና ሆጋን ይህን የለውጥ ለውጥ በእያንዳንዷ ቅጽበት ለክተው፣ በራሱ አባዝተው፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ደመሩት። ከዚያም ድምሩ ትንሹን ቁጥር የሚሰጠው እንቅስቃሴ የትኛው እንደሆነ በሒሳብ ፈለጉ። መልሱ ቀጥ ያለ መስመርና የደወል ቅርጽ ሆኖ ተገኘ። ቀመሩ እንዲያውም ከፍተኛው ፍጥነት የአማካዩ 1.875 እጥፍ መሆን አለበት ይላል። በአንድ ሰከንድ 30 ሳንቲሜትር የሚሄድ እጅ መሐል ላይ በሰከንድ 56 ሳንቲሜትር ገደማ ይፈጥናል ማለት ነው። በሠንጠረዥ ላይ ከተለካው የሰው እጅ ጋር ያለው መቀራረብ አስገራሚ ነበር። ጃፓናውያኑ ኡኖ፣ ካዋቶና ሱዙኪ በ1989 ደግሞ የለም፣ የሚቆጠበው በመገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው የኃይል ለውጥ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል፤ እዚህ አንዘረዝረውም።

አስተዋይ አንባቢ ግን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። እጅ ባይንገጫገጭ ለሰውየው ምን ይጠቅመዋል? አንጎል መንገጫገጭን በራሱ አባዝቶ የሚደምር ሒሳብ ሹም አለው እንዴ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተሻለ መልስ ያገኘውም በ1998 ነው። ክሪስቶፈር ሃሪስና ዳንኤል ዎልፐርት በዚያ ዓመት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ከአንድ ቀላል ሐቅ ተነሡ። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ምንጊዜም ጥቂት ረብሻ አለበት፤ ትእዛዙ ሲበረታ ረብሻውም አብሮ ይበረታል። ስለዚህ በድንገት የሚወረውር ሰው ዒላማውን ይስታል። ረጋ ያለ፣ ያልተንገጫገጨ እንቅስቃሴ የሚመረጠው ለውበቱ ሳይሆን መጨረሻ ላይ በትክክል ስለሚያሳርፍ ነው። ፖል ፊትስ በ1954 በሙከራ ያገኘው፣ ዒላማ ሲያንስ እጅ መዘግየት አለበት የሚለው ሕግም በዚሁ ይብራራል። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው እንደማይቸኩል ማንም ያውቃል፤ ለምን እንደማይቸኩል ግን በቁጥር ለማስረዳት ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

በመጨረሻም ኢማኑኤል ቶዶሮቭና ማይክል ጆርዳን በ2002 የበርንሽታይንን መዶሻ ወደ ሒሳቡ መለሱት። አንጎል መንገዱን አስቀድሞ ነድፎ በጭፍን አይከተልም፤ በእያንዳንዷ ቅጽበት ዓይንና ቆዳ የሚያመጡለትን ግብረ መልስ እያየ ያስተካክላል። ሁሉንም ስሕተት ግን አያርምም። ግቡን የሚጎዳውን ያርማል፣ ግቡን የማይነካውን ይተዋል፤ ማረምም ወጪ አለውና። የመዶሻው ጫፍ ጸንቶ ክርኑ የሚዋልለው ለዚህ ነው። መዋለሉ ጉድለት አይደለም፤ የጥበቡ አካል ነው። በእኛ አስተያየት በዚህ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ለሐኪም ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋርድ እንግባ። በምንማርበት ሆስፒታል ከምናያቸው ሕሙማን መካከል አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰ ወይም የደም ሥራቸው የተዘጋ፣ በአንድ ጎናቸው የዛሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አገር ቤትም ቢሆን ደም ግፊት ከከተማ ወደ ገጠር እየተስፋፋ ባለበት ሁኔታ ስትሮክ «የሀብታም አገር በሽታ» ነው ማለት ከእንግዲህ አያስኬድም። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ብርጭቆ ለማንሣት ክርኑን ከመዘርጋት ይልቅ ወገቡን ወደ ፊት ያጋድላል፤ ትከሻውን ወደ ላይ ያነሣል። መምህራኖቻችን ይህን «የተሳሳተ እንቅስቃሴ» ብለው ያስመዘግቡናል። እኛም እንመዘግባለን። ነገር ግን ስሕተቱ ከምን አንጻር ነው? ክርኑን የሚዘረጋው ጡንቻ ደክሟል፤ ትእዛዙ ቢበረታም ረብሻው ብቻ ነው የሚበዛው። ወገብ ግን ጤነኛ ነው፣ ይታዘዛል። በዚህ ሁኔታ ወገብን መጠቀም የሰውየው አንጎል ለአዲሱ ችግር ያገኘው ርካሽ መፍትሔ ነው። የታመመ አንጎልም ይቆጥባል!

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ «የሚሠራለትን ያድርግ» ብሎ መተው ነው። ሌላው «እንደ ጤነኛ ሰው ካላንቀሳቀስክ» ብሎ ማስጨነቅ ነው። ሁለቱም ሒሳቡን በግማሽ ያነበቡ ናቸው። ወጪ ስንል የዛሬን ወጪ ብቻ ነው ወይስ የዓመቱን? ወገብ ለዛሬ ርካሽ ነው። ሰውየው በወገቡ በሠራ ቁጥር ግን ክርኑ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ክንድ ይበልጥ ይደክማል፤ ይበልጥ የደከመ ክንድ ነገ ይበልጥ ውድ ይሆናል። እንዲህ እያለ የተወሰነ ጉልበት የነበረው ክንድ ጨርሶ ይረሳል። ኤድዋርድ ታውብ ከዝንጀሮዎች ጥናት ተነሥቶ ይህን «አለመጠቀምን መልመድ» ብሎታል። መድኃኒቱንም ከዚያው አመጣ፤ ጤነኛውን እጅ በጓንት አስሮ ደካማው እንዲሠራ ማስገደድ። በአሜሪካ በተደረገውና ውጤቱ በ2006 በታተመው ሙከራ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተካፍለዋል። ለሁለት ሳምንት በዚህ ዘዴ የሠለጠኑት ከሌሎቹ ይልቅ ክንዳቸውን አሻሽለዋል፤ መሻሻሉም ከዓመት በኋላ ታይቷል። (አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ጥቂትም ቢሆን መዘርጋት የሚችሉ ብቻ እንደተመረጡ መዘንጋት የለበትም፤ ጭራሽ ለማይንቀሳቀስ እጅ ይህ መፍትሔ አይደለም።) ሃን፣ አርቢብና ሽዋይግሆፈር በ2008 በኮምፒዩተር ባቀረቡት ሞዴል ነገሩ እንደ ዳገት ጫፍ ነው፤ ክንዱ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ በየቀኑ መጠቀሙ ራሱ ያሻሽለዋል፣ ከደረጃው በታች ከቀረ ግን ሕክምናው ሲቆም ቁልቁል ይመለሳል። ለሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥልጠናውን ከጫፉ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ማቋረጥ የተደከመበትን ሁሉ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነውና።

እዚህ ላይ የአገራችን ሁኔታ ይመጣል። የአገራችን ቤተሰብ በሽተኛውን ይወዳል። ፍቅሩንም በጉርሻ ይገልጻል። አባት በስትሮክ ቀኝ እጁ ሲዝል ልጆቹ ተሯሩጠው «አባዬ አይልፉ፣ እኛ እናጉርስዎ» ይላሉ። ይህ ክፉ አይደለም። በሒሳቡ ዓይን ግን ምን ሆነ? ቀኝ እጅን የመጠቀም ወጪ እንዳለ ሆኖ የሌላው አማራጭ ዋጋ ወደ ዜሮ ወረደ። ከዚህ በኋላ የአባት አንጎል ቀኝ እጅን የሚመርጥበት ምን ምክንያት አለው? የቤተሰቡ ደግነት ሳይታወቅ የሽባነቱ ተባባሪ ይሆናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ባህላችን ለሐኪሙ አንድ ትልቅ መሣሪያ ያቀብለዋል። በእኛም አገር ሆነ በዚህ በምንኖርበት የዓረቦች አገር፣ ከጋራ ገበታ የሚበላው በቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጁ የዛለ ሰው በግራው ለመጉረስ ያፍራል፤ ከገበታው ገለል ብሎ ለብቻው መብላት ይጀምራል። ለዚህ ሰው በቀኝ እጅ እንጀራ መቁረስ ጡንቻ ማፍታቻ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሰው መመለሻ ነው። የፕላስቲክ ቁልል ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ እንዲያመላልስ ከምናደርገው፣ አንድ ቁራጭ እንጀራ በሁለት ጣቶቹ ጫን ብሎ በቀሩት እንዲቀድ ብናሠለጥነው ምን ያህል ይለያል! ግቡ የእሱ ነዋ። ቶዶሮቭና ጆርዳን እንዳሉት አንጎል የሚያርመው ግቡን የሚነካውን ስሕተት ነው። ግቡ ባዕድ ከሆነበት የሚታረም ነገርም አያገኝም።

ከፓርኪንሰን ሕሙማን የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እነዚህ ሰዎች ቀርፋፋ ናቸው፤ አነሣሣቸው፣ አረማመዳቸው፣ አበላላቸው ሁሉ ይዘገያል። አገር ቤት «እርጅና ነው» ይባላል፤ ሲከፋም «ሰነፈ» ይባላል። ማዞኒ፣ ህሪስቶቫና ክራካወር በ2007 ባወጡት ጥናት ሕመምተኞቹና ጤነኞቹ እጃቸውን በተወሰነ ፍጥነት እንዲያንቀሳቅሱ ጠየቋቸው። ሕመምተኞቹ በተጠየቀው ፍጥነት ሲንቀሳቀሱ የእጃቸው ትክክለኛነት ከጤነኞቹ አላነሰም። ልዩነቱ ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ ብዙ ሙከራ ማስፈለጉ ነው። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ሲተረጉሙ፣ ችሎታው አልጠፋም፣ የተለወጠው ለፍጥነት የሚከፈለው ዋጋ ነው አሉ። ዶፓሚን ሲያንስ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ «ውድ» ይሆናል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እሳት ሲነሣ ሮጦ ሊወጣ፣ ኳስ ሲወረወርለት ሊቀልብ እንደሚችል ሐኪሞች ከጥንት ጀምረው ያውቁ ነበር፤ አሁን ነገሩ ትርጉም አገኘ። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ማለት ገንዘቡ የተዘረፈን ሰው ስስታም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያልነው ሒሳቡን ለማምለክ እንዳልሆነ ከላይ ጠቅሰናል። በአንዳንድ ወገኖች ዘንድ፣ በተለይም ከምህንድስና ክፍል በሚመጡት ወንድሞቻችን ዘንድ፣ «ሰውነት ሁልጊዜ ምርጡን ያደርጋል» የሚል አነጋገር ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ማንኛውንም እንቅስቃሴ ከተመለከቱ በኋላ ያንን እንቅስቃሴ «ምርጥ» የሚያሰኝ የወጪ ሒሳብ ማበጀት አይከብድም። ቀድሞ ያልተነበየ ቀመር ቢስማማ አይደንቅም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ማስረጃው ራሱ ይቃወማል። ደ ሩጊ፣ ሎብና ካሮል በ2012 ባወጡት ጥናት የሰዎች የእጅ አንጓ ጡንቻዎች የሚፈጥሩት ኃይል በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በተለወጠ ጊዜ፣ ሰዎቹ ወደ አዲሱ ምርጥ አሠራር ከመሄድ ይልቅ የለመዱትን የጡንቻ አጠቃቀም ይዘው እንደቀጠሉ ታይቷል። ልማድ ከምርጫ በረታ። በአንጻሩ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ በ2015 በካናዳ ባደረጉት ሙከራ፣ ጉልበት ላይ በታሰረ መሣሪያ የእርምጃ ወጪ ሲቀየርባቸው ሰዎች ከጥቂት በመቶ ለማይበልጥ የኃይል ቁጠባ ሲሉ በደቂቃዎች ውስጥ አረማመዳቸውን ለውጠዋል። ስለዚህ ሰው አንዳንዴ ይቆጥባል፣ አንዳንዴ ይለምዳል። የትኛው መቼ እንደሚሆን ማጥናት ገና የሚቀር ሥራ ነው። ለሕክምናም ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልማድ በምክር አይለወጥም፣ በብዙ ድግግሞሽ ነው የሚለወጠው።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ፤ ወጪውን የሚጽፈው ማነው የሚለው። በ1986 «ኔቸር» ላይ የወጣ አንድ ጥናት በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ የሚያህል ሸክም ተሸክመው ሲሄዱ የሚጠቀሙት ኦክስጅን ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት እንደማይበልጥ ገለጸ። ርዕሱ ራሱ የአፍሪካ ሴቶች ቆጣቢ ዘዴ አግኝተዋልን የሚል ጥያቄ ነበር። በ1995 የወጣው ተከታይ ጥናት ምክንያቱን በአረማመዳቸው ውስጥ ፈለገ፤ ሰውነታቸው እንደ ፔንዱለም ሲወዛወዝ ከአንዱ እርምጃ ወደ ሌላው ኃይል ማስተላለፉ ከሌላው ሰው የተሻለ ነው አለ። በ2010 በደቡብ አፍሪካ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ይህን ቁጠባ በጠቅላላው አላገኘም፤ ከሴት ወደ ሴት ሰፊ ልዩነት ነበር።

ሳይንሱን እናከብራለን። ነገር ግን ኦክስጅን የሚለካው ጭንብል አንገትን አይለካም። አከርካሪን፣ ማሕፀንን፣ ትምህርት ቤት ያልተሄደበትን ጠዋት አይለካም። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት በጀርባቸው አዝለው ጎብጠው የሚወርዱት እናቶቻችን አረማመዳቸው ቆጣቢ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ባለችው ይካናልና። ይህን አይቶ «ሰውነታቸው ለሸክም የተሠራ ነው» የሚል ሰው የጊልብሬዞቹን «ብቸኛ ምርጥ ዘዴ» በአዲስ ልብስ ይዞልን መምጣቱ ነው። ቀመሩ ለተሰጠው ወጪ መልስ ይፈልጋል እንጂ ወጪው ትክክል መሆኑን አይመሰክርም። ያንን የሚጽፈው ሰው ነው።

ወደ መነሻችን እንመለስና፣ «ይህ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው» ለሚሉት ያለን መልስ ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕክምናው ላይ የሚውለው ክፍል ማሽን አይጠይቅም። ውድ የሆነው ምርመራው እንጂ የምርመራው ፍሬ አይደለም። ጓንት ከየትም ይገኛል፤ እንጀራም እንዲሁ። የጎደለው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ እሱ በሌለበት ወረዳ ቤተሰቡ የሚያደርገውን የሚነግረው ሐኪም ነው። ሐኪሙም ያንን ለመናገር ክንዱ ለምን እንደተረሳ ማወቅ አለበት። ወባን የሚያክም ሐኪም ስትሮክ የመታውን ሰው «በቃ፣ የእግዜር ነው» ብሎ ቢልከው ወባን ማወቁ ለዚያ ሰው ምን ይፈይድለታል?

ስለዚህ ለማኅበሩ የጥናት ክበብ ሁለት ነገር እናቀርባለን። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የበርንሽታይን መዶሻና የ2006ቱ ሙከራ ጎን ለጎን ይነበቡ፤ የሕክምና፣ የምህንድስናና የነርስነት ተማሪዎች አብረው ይገኙ። ምህንድስናዎቹ ቀመሩን ያስረዱን፣ እኛ በሽተኛውን እናስረዳቸው። ከዚያ ቀጥሎ ስትሮክ ለመታው ሰው ቤተሰብ የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ እናዘጋጅ፤ ቢቻል በኦሮምኛና በትግርኛም ይተርጎም። በውስጡ ደካማው እጅ በቀን ምን ምን ሥራ እንደሚሰጠው፣ ወገብ እንዳያግዝ ጀርባን ወንበር ላይ እንዴት እንደሚያስደግፉ፣ መቼ እንደሚረዱትና መቼ እጃቸውን እንደሚሰበስቡ በቀላል ቋንቋ ይጻፍ። ረቂቁን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ጀምረነዋል። ያላለቀው ስለ ጉርሻ የሚናገረው አንቀጽ ነው፤ እስካሁን የተስማማንበት ቤተሰቡ ማጉረሱን እንዲተው ሳይሆን በሽተኛው በቀኝ እጁ መልሶ እንዲያጎርሳቸው እንዲጠይቁት ነው። የተሻለ ሐሳብ ያለው ለዝግጅት ክፍሉ ይላክልን።